ምላሴና እርሳሱ

ጋሜሊዮን 6
ዝናብ። እቶኑ ጭስ ብቻ ተፋ፤ ግማሹ ማሰሮ ተሰነጠቀ። ሞግዚቴ ማንያ የምስር ሾርባ ይዛ እስከ ሸክላ ቤቱ ድረስ መጣች። «ብላ ልጄ፤ በባዶ ሆድ እሳት ላይ አይቆምም።» ጺሜ ሸብቶም አልተወችኝም... ሠራተኞቹ ሳቁብኝ።

ከሰዓት በኋላ የአጎቴ ልጅ ዲፊሎስ ምስክር አሰልፎ መጣ። አባትህ ሸክላ ቤቱን ለእኔ ተናዞልኛል ባይ ነው። ችሎቱ በዚሁ በጋሜሊዮን ወር መጨረሻ ነው።
«ሲናዘዝ አሮጊቷ ባሪያህ ማንያ አጠገቡ ነበረች። በጅራፍ ትጠየቅ። ችሎት ፊት ቆመህ 'ውሰዳት' ትላለህ?»
«እላለሁ! ምን እፈራለሁ?»
የባሪያ ቃል ያለ ጅራፍ አይታመንም፣ ያለ ጌታውም ፈቃድ አይገረፍም፤ ወግ ነው። ትንሽ ትገረፋለች፣ እውነቱን ትናገራለች፣ አለቀ። የቀረውን በምላሴ እጨርሰዋለሁ። አቴንስ ውስጥ እንደ እኔ የሚናገር ማን አለ?

ማንያ ሰምታለች። ሳህኑን ይዛ ሄደች።

ጋሜሊዮን 15
በልጅነቷ የሞተችው እህቴ መቃብር ላይ ዘይት ላፈስ ሄድኩ። አፈሩ ተቆፍሯል። ውስጡ የተጠቀለለ ስስ የእርሳስ ብረት፣ ምስማር የተመታበት። ፈታሁት፤ የእኔ ስም ተጭሮበታል።
«ማንያ የወለደችው ሌፕቲኔስ... ይህ እርሳስ እንደቀዘቀዘ ምላሱ ይቀዝቀዝ። ችሎት ፊት ቃል አይውጣው።»
ለሙታን አደራ የተሰጠ እርግማን። ዲፊሎስ ነው! ሌላ ማን?

ጎረቤቴ ሲሞንን አማከርኩት። የተጻፈው የእናቴ የክሊቶ ስም አይደለም ስለው ሳቀ። «እንግዲያ ለጥ ብለህ ተኛ። የእናት ስም ከተሳሳተ ሙታን የማንን ምላስ ይሰሩ? እርግማኑ አይዝም።»
እፎይ።

ጋሜሊዮን 16
ማንያን ላስቃት ብዬ ነገርኳት። «የዲፊሎስን ጅልነት ስሚ! ያንቺን ስም እናቴ አድርጎ አስጻፈ!»
አልሳቀችም። «እህትህን አትነካካት። ሄደህ እዚያው ቅበረው!»
የት እንዳገኘሁት መቼ ነገርኳት?

መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። «የክሊቶ ወንድ ልጅ በጨቅላነቱ ሞተ። አባትህ አንተን ከእኔ ጉያ አንስቶ እሷ ጉያ ውስጥ አስገባህ። ለሰው ሁሉ ስዋሽ ኖርኩ። ለሙታን ግን እንዴት ልዋሽ? አይዝማ!»
«ምላሴን ለምን ረገምሽው?»
«ጅራፉን አልችለውም ልጄ። ማን እንደወለደህ እናገራለሁ። አንተ ዝም ካልክ ግን ማን ይጠይቀኛል?»

የባሪያ ልጅ... በዜጋ ስም የኖርኩ። ከታወቀ እኔንም ገበያ አውጥተው ይሸጡኛል።

ጋሜሊዮን 19
ብከራከር ትገረፋለች። 'አትገረፍም' ብል ምን ሊደብቅ ነው ይባላል፤ ብሸሽም ለምን ሸሸ ይባላል። መውጫው የቱ ጋ ነው?
ዕድሜ ልኳን «ልጄ» አለችኝ። ሞግዚት ሁሉ እንዲህ ይላል፤ ማን ይጠረጥራል? እኔ ደግሞ በሰው ፊት ትገረፍ አልኩ። አፈርኩ።

ጋሜሊዮን 27
እርሳሱን መልሼ ጠቀለልኩት። ምስማሩን ራሴ መታሁበት። ቀበርኩት።

ጋሜሊዮን 28
«ሌፕቲኔስ፣ ተናገር!»
ቃሉ ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ዲፊሎስ አፈጠጠብኝ። «'ውሰዳት' አትልም እንዴ?» ዝም። ከዳኞቹ አንዱ «አፍዝ አደንግዝ አስደርገውበታል!» ብሎ ጮኸ፤ ችሎቱ በሳቅ አውካካ። ሸክላ ቤቱ ለዲፊሎስ ሄደ።
እርሳሱ ነው ዝም ያሰኘኝ ወይስ እኔ ነኝ? እንጃ። ማንያ ግን አልተነካችም።

አንቴስቴሪዮን 10
በሰው እቶን ተቀጥሬ ጭቃ እረግጣለሁ። ማንያ ሾርባ ይዛ መጣች። «ብላ ልጄ።» እነዚህኞቹም ሳቁብኝ።

ቤት ስንገባ በሩን ዘጋሁና «እማዬ» አልኳት። የመጀመሪያዬ ነው። ደንግጣ አፌን በመዳፏ ከደነችው። «ዝም በል! ሁለተኛ እንዳትለኝ። ግድግዳው ይሰማል።»
እሺ አልኩ፣ ራሴን ነቅንቄ። ይህን ሁሉ የጻፍኩበትን የሰም ሰሌዳ ነገ እቶን ውስጥ እጨምረዋለሁ።
እጇን ቶሎ አላነሳችም። ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፤ ይሞቃል።