ሬዲዮው ዝም ካለ ወዲህ

ሰኞ

ዛሬ ጠዋት ሬዲዮ በመስኮቴ በኩል አለፈ። ከላይ ወደ ታች፣ ገመዱን እየጎተተ። የዩኒፎርም ኮሌታ እየሰፋሁ ነበር፤ ቀና ስል ጥቁር ነገር አየሁ፣ ወዲያው ግቢው ውስጥ ተከሰከሰ። ዘበኛው ጋሽ ቶላ ወንበራቸውን ትንሽ ወደ ግድግዳው አስጠግተው ቢሆን ኖሮ አሁን ልቅሶ ላይ ነበርን።

የጋሽ ደምሴ ሬዲዮ ነው። እኔ ሁለተኛ ፎቅ ነኝ፣ እሳቸው ልክ ከላዬ። እዚህ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ከገባን ጀምሮ የብሎኩ ሬዲዮ የሳቸው ነው። ጠዋት ጠዋት ያንን የድሮ ዘፈን ብቻ የሚያሰማውን ጣቢያ ከፍ አድርገው ይከፍቱታል፣ ደረጃው ሁሉ ይሰማል። ማንም ቀንሱ ብሏቸው አያውቅም። እኔማ የራሴን ሬዲዮ ለእህቴ ከሰጠሁ ቆየሁ፣ የሳቸው ይበቃኝ ነበር። የስፌት መኪናዬን ፔዳል በሳክስፎኑ ልክ ነበር የምረግጠው።

ጣቢያው ከዛሬ ጀምሮ ተቀየረ። ያ ድምፀ ጎርናና አቅራቢ ትላንት ሲሰናበት ሰምተናል፣ ግን ማን አመነ። ዛሬ እሱ በሚገባበት ሰዓት አንዲት ልጅ እየሳቀች ገባች። አዲስ ድምፅ ለአዲስ ትውልድ ምናምን አለች። ከዚያ ደረት የሚደልቅ ምት መጣ። ዘፈኑ እንኳ አላለቀም፣ ሬዲዮው ወረደ።

ምድር ላይ አትክልት የምትሸጠው ሙሉ ስብርባሪውን እየጠረገች ትስቃለች። ሰውዬው አንጀታቸው አርሮ ነው አለች። ሁላችንም አዘንንላቸው። የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፣ ጡረተኛ፣ መጠጥ በአፋቸው የማይዞር፣ ውሃ ሲጠፋ ቦቴ የሚያስመጡልን። ለራሴም አዘንኩ። ከእንግዲህ ቀኑን ሙሉ የመርፌ ድምፅ ብቻ ልሰማ ነው።

ማክሰኞ

ጸጥታው አስጠላኝ። ማንጎራጎር ጀምሬ ተውኩት፣ ብቻውን ሲሆን ድምፄ አያምርም።

ከላይ ዕቃ የሚያዛውሩ መሰለኝ። ከባድ ነገር ወለሉን መታው፣ አምፖሌ ተወዛወዘ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ መታው። ከዚያ ውሃ ፈሰሰ፣ በጣም ረጅም ጊዜ። ቁም ሣጥን ቦታ እየቀየሩ ነው አልኩ። ሰው ሲናደድ ቤቱን ያገለባብጣል።

ባለቤቴ ተስፋዬ ከመንገድ ደወለ። ጭነት ይዞ ወደ ጅቡቲ እየወረደ ነው። የጣቢያውን ነገር ስነግረው መጀመሪያ ያለው "ጋሽ ደምሴስ እንዴት ሆኑ?" ነው። ሰው እንዲህ ይወዳቸዋል።

እጅጌዎቹን ጨረስኩ። ቁልፍ አልቋል።

ረቡዕ

ቁም ሣጥን አይደለም።

ጠዋት የሳቸውን ድምፅ ሰማሁ። አይጮሁም፣ ቃሉም አይለይም። ከዚያ ምት። ገላ ላይ የሚያርፍ ነገር ድምፁ ከእንጨት ይለያል፣ ማንም ሳያስተምር ይታወቃል። ከዚያ የሴት ድምፅ፣ አፏን በጨርቅ የያዘች ይመስላል። "በማርያም" የሚለውን ብቻ ለየሁ። እንደገና ምት። እንደገና። እግሬ ፔዳሉን ሲረግጥ እጄ ከጨርቁ ጋር ሄደና መርፌው ጣቴ ውስጥ ገባ፣ ጥፍሬን በስቶ። አልጮህኩም። ከጮህኩ ይሰማሉ ብዬ። ጣቴን ከመርፌው ሳወጣ ታች ያለው ነጭ ጨርቅ ሁሉ ደም ሆነ።

ከሰዓት ባለቤታቸውን እትዬ የሺን ደረጃ ላይ አገኘኋት። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳዋለች። አንዱ ዓይኗ ተከድኗል፣ ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ሳልጠይቃት አዳለጠኝ አለች። ልታልፈኝ ስትል፣

"እትዬ የሺ፣ እኮ እሰማለሁ" አልኳት።

ቆመች። ያፈረች አልመሰለኝም። የፈራችም አልመሰለኝም። የሆነ ነገር የገባት ነው የመሰለችኝ።

"ለካ ሬዲዮው የለም" አለች፣ ለራሷ። ከዚያ ወረደች።

ቤት ገብቼ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ለካ ሬዲዮው የለም። ስለዚህ ሬዲዮው ሲኖርም ይመታት ነበር ማለት ነው። እዚህ ከገባን ጀምሮ፣ ጠዋት ጠዋት። ድምፁ በጣም ከፍ ሲል ጋሽ ደምሴ ዛሬ ደስ ብሏቸዋል እል ነበር። እኔ ከታች አብሬ እየዘፈንኩ።

ራት አልበላሁም።

ሐሙስ

ለሙሉ ነገርኳት። ቲማቲም እየመረጠች ሰማችኝ። መጀመሪያ ማን ያምንሻል አለች፣ ቦቴ የሚያስመጣ ሰው ነው። ቀጥላ በባልና ሚስት መሃል የገባ ራሱ ይመታል አለች። ቀጥላ ደግሞ ሻሿን ገለጥ አድርጋ ከጆሮዋ ኋላ ያለውን ጠባሳ አሳየችኝ። የመጀመሪያ ባሏ በጠርሙስ የመታት ነው። ያን ቀን ጎረቤት ሞልቶ አንድም በር አልተንኳኳም አለች። ከዚያ ወደ ቲማቲሟ ተመለሰች።

"ደግሞ ከሰማሽ ጥሪኝ" አለችኝ፣ ሳታየኝ።

ተስፋዬን ደወልኩለት። እኔ እስክመጣ እንዳትገቢበት አለ። እሺ አልኩት። እሺ ያልኩት ስልኩን እንዲዘጋ ነው።

ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። ራሳቸው ጋሽ ደምሴ ናቸው። ሸሚዛቸው ተተኩሷል፣ ሽቶ ይሸታሉ። የድሮ ዘፈን በፍላሽ የሚያጫውት ሬዲዮ የት እንደሚሸጥ አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። ቤት ጸጥ ሲል ደስ አይልም አሉ። የጣታቸው አንጓ ተልጧል። የኔን የታሰረ ጣት አዩትና ምን ሆነሽ ነው አሉኝ፣ መርፌ ነው አልኩ። መሄድ ጀምረው ዞሩ።

"የሚረብሽሽ ነገር አለ እንዴ፣ ሰናይት? ከላይ?"

"የመኪናዬ ድምፅ ሌላ አያሰማኝም" አልኳቸው።

"ጎበዝ። ሥራሽን ሥሪ" አሉኝ።

በሩን ዘግቼ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ። ውሸቴ አሳፈረኝ። ግን እንደዚያ ባልል ኖሮ ዛሬውኑ በሷ ላይ ይወጣ ነበር።

ዓርብ

በግራ እጄ ነው የምጽፈው፣ ፊደሌ ይንጋደዳል።

ጠዋት ብርጭቆ ተሰበረ። ከዚያ እትዬ የሺ ጮኸች፣ በባዶ አፏ፣ ጨርቅ የለም። ስሜን ጠራች። ሰናይት ብላ።

ደረጃው ላይ ወጥቼ ወደ ታች ሙሉ ብዬ ተጣራሁና ወደ ላይ ሮጥኩ። እጄ ላይ የጨርቅ መለኪያ እንጨቴ ነበር፣ መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። በሩን ደበደብኩት። ትንሽ ከፈተው። ላብ በላብ ሆኗል። (አንቱታው ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል።) በትከሻው አሻግሬ አየኋት፣ ወለሉ ላይ፣ ክንዷ ሥሯ ታጥፎ፣ ክንድ በማይታጠፍበት በኩል። አጠገቧ የካውያ ገመድ።

ምን ፈለግሽ አለኝ። ልቀቃት አልኩት። በሩን ዘጋው፣ እጄ ግን መቃኑ ላይ ነበር። ጣቶቼ ሲጨፈለቁ ሰማሁ፣ ሕመሙ የመጣው ከድምፁ በኋላ ነው። መልሶ ከፈተና በቡጢ ጉንጬን አለኝ። ደረጃው ላይ ወደቅሁ። ሊረግጠኝ እግሩን አነሳ።

ሙሉ በኔ ላይ ተሻግራ አለፈች። የሚዛኗን ኪሎ ይዛለች፣ ያንን ብረቱን። ትከሻው ላይ አሳረፈችው። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ፤ ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። እሱ ግን በአንድ እጁ ጸጉሯን ይዞ ግንባሯን ከመቃኑ ጋር አጋጨው፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ጋሽ ቶላ ባይደርሱ ይገድላት ነበር። ዱላቸውን ጉልበቱ ላይ አሳረፉት፣ ሲንበረከክ ዱላውን አንገቱ ላይ አጋድመው ከወለሉ ጋር ያዙት። ይህ ብሎክ የቆመበት መሬት የአባታቸው የጤፍ ማሳ ነበር፣ አሁን በሩን ይጠብቃሉ።

"ጠዋት ጠዋት ከወንበሬ እየተነሳሁ እጅ የምነሳው ለአንተ ነበር?" አሉት።

ፖሊስ መጣና ወሰደው። እኛን ክሊኒክ ወሰዱን። የኔ ሁለት ጣት ተሰብሯል። ሙሉ ግንባሯ ተሰፋ። የእትዬ የሺ ክንድ በጀሶ ታሰረ። ራጁን ያየው ሐኪም ጎድኗ ላይ ሳይታከሙ በራሳቸው የገጠሙ የድሮ ስብራቶች አሉ አለ። መቼ ነው ብሎ ጠየቃት። የቱ አለችው።

አሁን አልጋዬ ላይ ተኝታለች።

ቅዳሜ

እትዬ የሺ ሻይ እየጠጣች ተናገረች። ማንም አልጠየቃትም።

ዘፈን ሲጀምር መጀመሪያ በሩን ይቆልፋል። ከዚያ ድምፁን ይጨምራል። ምክንያት አይፈልግም፤ ወጥ ቀጠነ፣ ወጥ ወፈረ። ማስታወቂያ ሲገባ ያርፋል፣ ምክንያቱም ማስታወቂያው ብዙ ዝም የሚልበት ቦታ አለው፣ ይሰማብኛል ይላል።

"ማስታወቂያውን እወደው ነበር" አለች። "የሳሙናውንም፣ የቀለሙንም። እንዳያልቅ እጸልያለሁ።"

ሰኞ ያ አዲሱ ሙዚቃ ሲመጣ እጁን እንዳነሳ ደርቆ ቀረ አለች። ከዚያ ሬዲዮውን ነቅሎ ወረወረው። ከማክሰኞ ጀምሮ መሸፈኛ አልነበረውም፣ ግን እጁ ለምዷል፣ ጠዋቱ ሲደርስ መጠበቅ አልቻለም።

ከሰዓት ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። የፊተኛው አራተኛ ፎቅ ያሉት መምህር አበራ ናቸው። ሰይጣን ነው አሉ፣ ጣቢያው ሲቀየርበት አእምሮው ተነክቶ ነው፣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የለመደውን በአንድ ቀን ሲነጥቁት ይታመማል። ክሱን አንሺ፣ ይቅርታ ይጠይቅሽ፣ ትዳርሽን አታፍርሺ። እኔ ልናገር ስል እትዬ የሺ በደህናው እጇ ጉልበቴን ያዘችኝ።

"መምህር፣ ሬዲዮው በጣም ከፍ የሚልበትን ጊዜ ያስታውሱታል?"

"እንዴት አላስታውስ። የኔን ዘግቼ የናንተን ነበር የማዳምጠው።"

"ያኔ ነው" አለቻቸው።

መምህር አበራ ጀሶውን አዩ። ጣራዬን አዩ። ከዚያ ተነስተው ወጡ፤ ሁለቱ ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው ተከተሏቸው። ደረጃው ላይ አንዱ "ምን ማለቷ ነው?" ሲል ሰማሁ።

እሁድ

መካኒሳ አቦን ተሳልሜ ልምጣ ብዬ ወጣሁ። እትዬ የሺን ሙሉ ትጠብቃታለች።

ታክሲው ውስጥ አዲሱ ጣቢያ ተከፍቷል። አንዲት እናት አማረሩ፤ የድሮዎቹን ቢተዉልን ምን ነበር አሉ፣ ያቺ ጣቢያ ነበረች ያለችን። ተሳፋሪው ሁሉ ደገፋቸው። ሹፌሩ አዘነና የራሱን ፍላሽ ሰካ። ያ ሳክስፎኑ ብቻውን የሚጀምረው ዘፈን መጣ። ከሁሉ የምወደው። ሰዉ እፎይ አለ፣ እናትየው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እኔ አንገቴን በትከሻዬ መሃል ቀብሬ ምቱን ስጠብቅ ራሴን አገኘሁት። ወራጅ አለ አልኩ። የቀረውን በእግሬ ሄድኩ፣ እያለቀስኩ። ሰው ያፈጣል፣ ያበጠ ጉንጭ ይዛ የምታለቅስ ሴት። ዘፈኖቼንም ወስዶብኛል። ለዚህ ማን ይከሰሳል?

ሰኞ

በዋስ ተለቀቀ። ወንድሙ ነው የፈረመለት። ሙሉንም ከሷታል፣ ለትከሻው። ነገ ቃሏን ትሰጣለች። የተናደደችው ግን በሌላ ነው፤ ኪሎውን ኤግዚቢት ነው ብለው ወስደውባታል፣ ድንች በምን ልመዝን ትላለች። ግንባሯ እንደተሰፋ ሱቋን ከፍታለች። ጋሽ ቶላ እኔም መትቼዋለሁ ብለው ሳይጠሯቸው ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ተመዘገቡ።

ተስፋዬ ገባ። ጣቶቼን አያቸው፣ ጉንጬን አየ። አትግቢበት ብዬ ነበር ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም። ወጥቶ የበር መቀርቀሪያ ገዝቶ መጣና ገጠመው።

ነገ ጠዋት እትዬ የሺን ሀና ማርያም ሰፈር እህቷ ቤት እናደርሳታለን። ዛሬ ግን እዚሁ ናት፣ እሱም ከላይ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ እርምጃው ተሰማ። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት። እትዬ የሺ ሻይዋን አስቀምጣ ወደ ጣራው ቀና አለች።

"ጫማውን አላወለቀም" አለች።

በሩ ተከፈተ። ደረጃው ላይ ወረደ፣ ቀስ እያለ። ተስፋዬ ተነስቶ በሩ ኋላ ቆመ። እርምጃው ደጃችን ላይ ሲደርስ ቆመ። ትንፋሹ ይሰማል። እኔ የእትዬ የሺን ደህና እጅ ይዣለሁ። ተስፋዬ መቀርቀሪያው ላይ እጁን ጫነ።

ከዚያ ወረደ። አንድ ፎቅ፣ ደግሞ አንድ። የግቢው በር ተንኳኳ፣ ጋሽ ቶላ ሳይነሱ በተቀመጡበት ከፈቱለት፤ በመስኮት አየሁ።

የት እንደሄደ አላውቅም። ይመለሳል፣ ቤቱ ነው። እትዬ የሺ ሻይዋን አነሳች። ቀዝቅዟል፣ ልቀይርልሽ አልኳት። ተይው አለችኝና እስከ መጨረሻው ጠጣችው።