ተቀባይ ያጡ አሥራ ዘጠኝ እርማቶች

ኅዳር 4
ሒሳብ ተፈተንን። ከሃያው ዘጠኝ አገኘሁ። መምህሩ ወረቀቱን ሰጥቶኝ አለፈ። ድሮ ቢሆን ጆሮዬን ይቆነጥጠኝ ነበር... አሳዝኜው ይሆን?

ኅዳር 6
የእህቴን ኮምፒውተር ከፈትኩ። ከሞተች ሁለት ወሯ። ዓይነ ስውር ተማሪዎች መጽሐፍ በስልክ የሚያዳምጡበት ፕሮግራሟ ቆሟል። ነጻ ነው፤ ኮዱን ማንም አይቶ እርማት ይልካል። የምትቀበለው ግን እሷ ብቻ ነበረች። የስልኮቹ ሶፍትዌር ሲታደስ ፕሮግራሙ ዲዳ ሆነ። አሥራ ዘጠኝ እርማት ተልኮ ተቀምጧል።

እማዬ ከበሩ ላይ ሆና «ዝጋልኝ። ሲበራ ያለች ይመስለኛል» አለች።

አልዘጋሁም።

ኅዳር 7
«ጉጉት» የሚሉት የዓይነ ስውራን መምህር አለ። እሱም ዓይነ ስውር ነው። ከእህቴ ጋር ሦስት ዓመት ተጻጽፈዋል፤ ተገናኝተው አያውቁም። ዛሬ በእሷ ስም እንደገባሁ መልእክቱ ከተፍ አለ።

«አንቺ ጠፊ! ሞትሽ ወይስ አገባሽ?»

ምን ልበል? «ፈተና ይዞኝ ነው» ብዬ መለስኩ... እሷን ሆኜ።

«እሰይ! ልጆቼም ከሁለት ሳምንት በኋላ ይፈተናሉ። ድረሽልን።»

ኅዳር 9
አሥራ ዘጠኙንም ባንዴ ተቀበልኩ። ሳልሞክር። ፕሮግራሙ ቶሎ የሚነሣ መስሎኝ።

ኅዳር 10
ጭራሽ አልከፈት አለ።

ጉጉት፦ «እሷ እኮ አንዲት መስመር እንኳ ሳትሞክር አታስገባም። ማነህ አንተ?»

ትምህርት ቤት አልሄድኩም። የቀረንን አንድ ነገር በገዛ እጄ ገደልኩት።

ኅዳር 11
ኮምፒውተሩን አልከፈትኩም።

ኅዳር 12
በራሴ ስም ጻፍኩ። «ታናሽ ወንድሟ ነኝ። ዋሽቼዎታለሁ። እህቴ ሞታለች።»

ይህን ቃል ለሌላ ሰው ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው።

መለሰልኝ። «ነፍሷን ይማር። እኔ ደግሞ ሞትሽ ወይ እላለሁ... ምላሴን በቆረጠው! ስማኝ የኔ ልጅ። ሁሉንም ወደነበረበት መልሰህ አንድ በአንድ እንሞክራለን። አልቅሰህ ስትጨርስ። እያለቀስክም ይሆናል።»

ኅዳር 16
እያለቀስኩ ነው የሠራሁት። ሰባተኛው እርማት ነበር ነገር ያበላሸው። ጣልነው፤ የቀሩት አሥራ ስምንቱ ሠሩ።

ኅዳር 19
እርማት የሚቀበለው በፕሮግራሙ ገጽ ላይ «ተጠሪ» ተብሎ የተጻፈው ሰው ስለሆነ ስሟን ከዚያ መስመር ማውረድ ነበረብኝ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። «የጀመረችው» የሚል ቦታ ከፍቼ እዚያ አስቀመጥኳት። በተጠሪው ቦታ የኔ ስም አለ። ማየት አስጠላኝ።

ጉጉት ከክፍሉ ድምፅ ቀድቶ ላከልኝ። ልጆች ይንጫጫሉ። አንዷ በቁጣ ጮኸች፦

«ዝም በሉ እንጂ! ስልኩ እያነበበልን እኮ ነው!»