አባታችን በሕይወት ሳሉ የተላከው መርዶ

ለተከበሩ ወንድሜ ለአባ ኃይለ ገብርኤል፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? የትንሣኤው በዓል በገዳሙ እንዴት አለፈ? የበረሃው ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? ያ የሚያስቸግርዎት ጉልበትዎስ ተሻለው ወይ? በዕድሜ የገፉት አባቶች ሁሉ ደኅና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናታችንም እኔም ልጄ ጸሎትም ደኅና ነን። አባታችንም በሕይወት አሉ። ይህን ቃል ደግመው ያንብቡት፤ አባታችን መሪጌታ ገድሉ አልሞቱም። አጎታችን ቢያዝን በመልእክተኛ የላከብዎት መርዶ ሐሰት ነው። ፍትሐት አስጀምረው ከሆነ ያስቁሙት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዐቢይ ጾም መግቢያ አባታችን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሳል ያዛቸው። ብርድ ነው ብለን ዝንጅብል ስናጠጣቸው ሰነበትን። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ጊዜ ሆስፒታል ወሰድኋቸው። ኮሮና ነው ተባለ፤ ኦክስጅን አደረጉላቸው፤ እኛም ከበር ውጭ ቀረን። የምታክማቸው ዶክተር ሲና የምትባል ልጅ እግር ሴት ናት። አንድ ቀን እኔንና ቢያዝንን ጠርታ፣ ደማቸው ሲመረመር ትሮፖኒን የሚባል ነገር በጣም ከፍ ብሎ እንደተገኘ ነገረችን። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ነገር ነው፤ በሽታው ሳንባቸውን ብቻ ሳይሆን ልባቸውንም ነክቶታል አለች። ይተርፋሉ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «አልዋሽሽም፣ እንዲህ ከፍ ካለባቸው ሕሙማን ብዙዎቹ ይሞታሉ። የሚድኑም ግን አሉ። ምርመራው ልባቸውን አጥብቀን እንድንጠብቅ ነው የሚነግረን እንጂ የሚሞቱበትን ቀን አይነግረንም» አለችኝ።

እኔ ሁሉንም ሰማሁ። ቢያዝን የሰማው «ይሞታሉ» የሚለውን ብቻ ነው። እንባውን በነጠላው ጫፍ እየጠረገ «ታዲያ ምን ያህል ይቆያል?» አላት። እሷም ወደ ሕሙማኑ ተመልሳ ገባች።

በማግስቱ ልብስ ልወስድ ሐይቁ ዳር ወዳለው ቤታችን ብሄድ፣ ቢያዝንን ከደላላና ከአንድ ገዢ ጋር ግቢው ውስጥ አገኘሁት። ገዢው የእናታችንን ጎመን እየረገጠ መሬቱን በእርምጃ ይለካል። ቢያዝን የአባታችንን ካባ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከሎሚው እየቀጠፈ ይሰጣቸዋል። አባታችን እኮ በዚያች ሰዓት ትንፋሽ እየለመኑ ነበር! እናታችን ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ ለካ «ሐኪሟ ልቡ ሞቷል ብላለች» ብሎ ነግሯት ኖሯል። ካባውን ከትከሻው ላይ ስገፍፈው ላቡ እጄን ነካኝ። ሰዎቹን አስወጥቼ ሐይቁ ዳር ወረድሁና እጄን በአሸዋ ፈተግሁት፤ የነካኝ ነገር ግን የሚለቅ አልመሰለኝም።

አባታችን በሞትና በሕይወት መካከል ብዙ ሰነበቱ። ኋላ ያ ደማቸው ውስጥ የነበረው ነገር መውረድ ጀመረ፤ ትንፋሻቸውም ተከፈተ። ለዳግም ትንሣኤ ቤታቸው ገቡ። ልባቸው ግን እንደ ድሮው አይደለም። ታንኳ መቅዘፍ ቀርቶ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ እንኳ መንገድ ላይ ያርፋሉ። ቅኔውን ተቀምጠው ያስተምራሉ።

የመርዶውን ነገር ያወቅሁት ባለፈው ቅዳሜ ነው፤ የመልእክተኛው ሚስት ነገረችኝ። «አባትዎ ዐርፈዋል፤ እርስዎም ዓለምን የተዉ ነዎትና ከአያትዎ ርስት ድርሻ የለኝም ብለው ቃል ይላኩ» ብሎ ነው አሉ የላከው። ወንድሜ፣ እባክዎ እንዲህ ያለ ቃል ከአፍዎ አይውጣ።

በማግስቱ እሑድ ራሱ ቢያዝን በግ እየጎተተ መጣ። የአባታችንን ጉልበት ስሞ «እንኳን ማረልኝ» እያለ አለቀሰ፤ ያንኑ የሆስፒታሉን ለቅሶ። ሁሉን ነግሬያቸው ነበር፤ አባታችን ግን «ተቀመጥ» አሉት። ማዕድ ሲቀርብ እጅ ላስታጥብ ተነሣሁ። ሁሉንም አስታጠብሁ። ከእሱ ዘንድ ስደርስ እነዚያን ወፋፍራም ጣቶቹን ዘረጋልኝ። ማንቆርቆሪያውን እግሩ ሥር አስቀምጬ ወጣሁ። ከሥጋውም አልቀመስሁ።

አባታችን አልተቆጡኝም። ማታ ጠርተው «ለአባ ጻፊለት፤ ያደረግሽውንም አትደብቂው» አሉኝ። ይኸው አልደበቅሁም። እርስዎ ይቅር በይ ይሉኝ ይሆናል። እሺ ብል አፌ ብቻ ነው እሺ የሚለው። ድምፁን ስሰማ ዛሬም ያቅለሸልሸኛል፤ ለዚህም ይጸልዩልኝ።

አባታችን ቡራኬያቸውን ልከውልዎታል። እናታችን ወለተ ጊዮርጊስ ዓይንዎን ሳላይ አልሙት ትላለች። ልጄ ጸሎትም መስቀልዎን ተሳልማለች። አበምኔቱንና አባቶችን ሁሉ እጅ ይንሡልኝ።

እህትዎ ፅጌ ማርያም ገድሉ
ባሕር ዳር፣ ፔዳ
ግንቦት ፲፰ ቀን ፳፻፲፫ ዓ.ም.