የቡላ ሁለተኛ ጉልበትም ድኗል

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሞላ። ደህንነትህን የምጠይቅበት መንገድ ስለሌለኝ በቀጥታ ወደ ቤት ወሬ ልግባልህ።

እኔ ደህና ነኝ። ያው ሚድ ሲቲ ሰፈራችን፣ ያው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነኝ፤ ግሌንዴል ያለውን የፋርማሲ ሥራዬንም አልለቀቅኩም። ከታች ያሉት እትዬ አስካለ ገና ሳይነጋ የሚጸልዩት ጸሎት አሁንም ወለሉን ዘልቆ ይሰማኛል፤ "እሳቸው እያሉ የሚያነቃን ደወል ምን ያደርግልናል" ትል የነበረው አልተለወጠም። አልጋህን ለሰው ሰጠሁት። ወንበርህን ግን መስጠት አቃተኝ፤ አሁን ሥሩ የሚተኛው ውሻችን ቡላ ነው።

ትልቁ ወሬዬም እሱ ነው። ዘንድሮ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ አንድ ቀን ጠዋት ቀኝ የኋላ እግሩን አንስቶ በሦስት እግሩ ቆሞ አገኘሁት። ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። የአንዱ ጉልበት ጅማት የተበጠሰበት ትልቅ ውሻ ብዙ ጊዜ ሌላውም እንደሚከተል የእንስሳት ሐኪሟ በግራ ጉልበቱ ጊዜ ነግራን ነበር። አንተም "እሱማ የታወቀ ነው፤ ሸክሙን ሁሉ ጤነኛው ይሸከማልኮ" ብለሃት፣ ወደ እንግሊዝኛ ስመልስላት ተገርማ አይታህ ነበር። ሶ፣ እንደገና ኦፕሬሽን፣ እንደገና አሥራ ሁለት ሳምንት። በዚህኛው ግን አንተ የለህም።

ድኗል አባዬ። እንዴት እንደዳነ ለመንገር ግን ከመጀመሪያው ጉልበት መጀመር አለብኝ፤ እኔ የሠራሁት ሁሉ ካንተ ያየሁት ነውና።

ያኔ የግራ ጉልበቱ ጅማት ሲበጠስ በጣም ፈርቼ ነበር። ቡላ መቶ አሥር ፓውንድ የሚመዝን፣ ቆሞ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ አገጩን የሚያሳርፍ ውሻ ነው። ሐኪሟ አጥንቱን ቆርጣ፣ አቀማመጡን አስተካክላ፣ በብረት አሰረችው። ቤት ስናመጣው ጭኑ ተላጭቶ፣ ቁስሉን እንዳይልስ አንገቱ ላይ ያ ትልቅ የፕላስቲክ ከለላ ታስሮለት፣ ዓይኑ እየተንከራተተ ነበር። የተሰጠን ወረቀት አራት ገጽ ነው። መሮጥ የለም፣ መዝለል የለም፣ ሶፋ የለም፣ ያለ ደጋፊ ደረጃ የለም። እኛ ደግሞ የምንኖረው አሥራ ስድስት ደረጃ ላይ።

እውነቱን ልንገርህ፣ አንተንም ፈርቼሃለሁ። አዲስ አበባ ሃያ ስድስት ዓመት የኳስ ቡድን ወጌሻ እንደነበርክ አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ ሰው ቁርጭምጭሚቱን ይዞ በራችን ላይ ሲጮህ አስታውሳለሁ። ሐኪም የሰፋችውን ጉልበት ይዘህ ትጎትተዋለህ ብዬ ሰጋሁ። አንተ ግን ወረቀቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስነበብከኝ። ሁለት ቦታ ላይ "እስቲ ድገሚው" አልከኝ። ከዚያ መነጽርህን አወለቅክና "ኦኬ" አልክ። "እሷ የሠራችውን እጄ አይነካውም። ከዚያ ውጪ ያለው ግን የኔ ሥራ ነው።"

ከዚያ ውጪ ያለው ስንት ነገር እንደሆነ እኔ መች አውቄ! በማግስቱ ከምትሠራበት የፌርፋክስ ፓርኪንግ አሮጌ የጎማ ምንጣፎች ተሸክመህ መጣህ፤ እንዳያንሸራትተው ከሳሎን እስከ በሩ አነጠፍካቸው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በረዶ በፎጣ ጠቅልለህ፣ ሰዓትህን እያየህ ጉልበቱ ላይ ያዝክለት። ኋላ ሐኪሟ እግሩን ማጠፍና መዘርጋት ስትፈቅድ፣ እጅህ ያን ከባድ እግር ከሥር ተቀብሎ እንዴት ቀስ አድርጎ እንደሚያጥፈው አየሁ። ለኔ የሚያጉረመርመው ቡላ በአንተ እጅ ላይ እንቅልፍ ይወስደው ነበር። በየእሑዱ ሁለቱን ጭኖቹን በልብስ ሰፊ ሜትር እየለካህ ካላንደሩ ላይ ትጽፋለህ። ለምን እንደሆነ ስጠይቅህ፣ "ጉልበቱን የሚይዘው ጭኑ ነው። ጭኑ ከሟሸሸ ብረቱ ብቻውን ምን ያደርጋል?" አልከኝ። ፓርኪንግ ውስጥ ቁልፍ ተቀብሎ የሚሰጠው አባቴ እንደዚያ ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ።

ለደረጃው ትልቅ ፎጣ በሆዱ ሥር እናዞርና አንተ ከፊት የአንገቱን ማሰሪያ፣ እኔ ከኋላ ፎጣውን ይዘን እናወርደዋለን። በሁለተኛው ሳምንት አጋማሽ ላይ ስንወርድ ከታች ከመኪኖቹ መካከል አንዲት ድመት ብቅ አለች። ቡላ ተወረወረ። ፎጣው ከእጄ አመለጠ። አንተ አልጎተትከውም። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልክና ደረትህን ሰጥተህ በሁለት ክንድህ አቀፍከው። ጀርባህ ከደረጃው የብረት መደገፊያ ጋር ሲጋጭ ሰማሁ። ሰባ አንድ ዓመትህ ነበር።

"ጉልበቱን እዪው!" አልክ። "እኔን ተዪኝ፣ ጉልበቱን!"

ጉልበቱ ምንም አልሆነም። ያንተ ጀርባ ግን ምን ያህል እንደጠቆረ ያየሁት ከቀናት በኋላ፣ ሸሚዝህን ስትቀይር ድንገት ገብቼ ነው።

በስድስተኛው ሳምንት ተጣላን። ቡላ በአራቱም እግሩ መርገጥ ጀምሮ ነበር፤ ለኔ ድኗል። የሥራ ጓደኞቼ እሑድ ቢች ሊሄዱ ነውና ይዤው ልወጣ ማሰሪያውን ሳነሳ በሩ ላይ ቆምክ።

"አይወጣም።"

"አባዬ፣ ለአንድ ሰዓት ነው። አሸዋው ላይ ቁጭ ይላል። ራሴ ድራይቭ አድርጌ እመልሰዋለሁ።"

"አይወጣም አልኩሽ።"

"እየው እንጂ፣ አያነክስምኮ!"

"ሙሉጌታም አያነክስም ነበር" አልክ፤ ድምፅህ ወረደ።

ያን ስም ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። በሩን ሳትለቅ ነገርከኝ። የቡድናችሁ የግራ ክንፍ ተጫዋች ነበር፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ። ጉልበቱ ተጎዳ፤ ያኔ ኦፕሬሽን የሚያስብ የለም፣ ማሳረፍ ብቻ ነው። በስድስተኛው ሳምንት ትልቅ ጨዋታ መጣ። ልጁ ፊትህ ሮጦ አሳየህና ለመነህ። አሰልጣኙ ደርሷል ወይ ብሎ ጠየቀህ። "እኔም ደርሷል አልኩ" አልከኝ። "አለመድረሱን እጄ ያውቃል፣ አፌ ግን ደርሷል አለ።" ማንም ሳይነካው ወደቀ። የጉልበቱን ድምፅ ከመስመሩ ዳር ሆነህ ሰማኸው። ሙሉጌታ ከዚያ ወዲያ ኳስ አልተጫወተም።

ማሰሪያውን ቦታው መለስኩት። ቢችም አልሄድኩም።

በስምንተኛው ሳምንት ኤክስሬዩ አጥንቱ መጋጠሙን አሳየ። ከዚያ የእግር ጉዞ ጀመራችሁ፤ መጀመሪያ እስከ ፒኮ መንገድ፣ ቀጥሎ ፌርፋክስ ላይ ምግብ ቤቶቹ ፊት። ከቤት ስትወጣ የወሰንከው ደቂቃ ሲሞላ፣ ከማንም ጋር ብታወራ ታቋርጥና ትመለሳለህ። ደጅ ቆመው በስልክ ስለሚጠራው አዲስ ታክሲ የሚነጫነጩት ሹፌሮች "ጋሽ ደምሴ፣ ፈረሱ እንዳያረፍድብዎት!" እያሉ ይስቁብሃል። አንተም ትስቃለህ፣ ግን ትሄዳለህ።

መጀመሪያ የሮጠበትን ቀን አትረሳም። ፓርኩ ውስጥ ማሰሪያውን ራስህ ፈታህለት። ከዚያ ዞር ብለህ ጀርባህን ሰጠኸው። ማየት አልቻልክም፤ አንገትህን ደፍተህ ትሰማ ነበር።

"ሮጠ?" አልክ።

"ሮጠ አባዬ። ዞር ብለህ እየው።"

እስከ ዛፎቹ ደርሶ ሲመለስ ነው ዞር ያልከው።

አምና በጃንዋሪ ልብህ ቆመች። ያን ቀን አልጽፈውም፤ የለቅሶውን ሦስተኛ ቀን ግን ልንገርህ፣ አንተ ስላላየኸው። ከሰዓት በኋላ አንድ ጠና ያለ፣ በጣም ጥቂት የሚያነክስ ሰው ገባ። ፌርፋክስ አንድ ሱቅ መስታወት ላይ የተለጠፈውን ፎቶህን አይቶ ነው የመጣው። እኔ በየቀኑ በምመላለስበት ግሌንዴል ሦስት ዓመት ኖሯል፤ አንተም እዚህ መሆንህን አላወቀም። ስሙን ሲነግረኝ የያዝኩትን ሻይ አስቀመጥኩት። ሙሉጌታ ነበር።

"ስለ እኔ ነግሮሽ ያውቃል?" አለኝ።

"ነግሮኛል። ደርሷል ብሎ እንዳስገባዎት።"

"ከዚያ በኋላ ያለውንስ?"

"ከዚያ በኋላ ምን አለ?"

"ዓመት ከመንፈቅ ኮልፌ ያለው ቤታችን ድረስ በእግሩ ይመጣ ነበር" አለ። "እኔ በር ዘግቼ እሰድበዋለሁ፣ እሱ ደጅ ላይ ቁጭ ይላል። በመጨረሻ እናቴ አዝና ከፈተችለት። በዱላ ነበር የምሄደው፤ ዱላውን ያስጣለኝ እሱ ነው። በሠርጌ ጨፍሬያለሁ እኮ! እሱ ከፊቴ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር።" ከዚያ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። "መውደቄን ብቻ ይዞ ኖረ ማለት ነው?"

አባዬ፣ ጥፋትህን ነግረኸኝ እኔንም ቡላንም አዳንከን። ደግነትህን ግን አንድም ቀን አልነገርከኝም። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ሲያደርግ ነው የማየው። ያን ቀን ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ስለ አንተ መልካም ተናግሯል፤ እኔ ግን ከዚያ ሰው አነካከስ የበለጠ ምስክር አላየሁም። እግሩን ሲጥል በጥንቃቄ ነበር፣ አንተ ቡላን እንዳስተማርከው።

ስለዚህ ዘንድሮ በፌብሩዋሪ ቀኝ ጉልበቱ ሲጎዳ አላለቀስኩም። የጎማ ምንጣፎቹን አውጥቼ አጠብኩ። ሜትሩን መሳቢያህ ውስጥ አገኘሁት። ለደረጃው ሁለተኛ ሰው ያስፈልገኝ ነበርና እትዬ አስካለን ለመንኳቸው። ውሻ ነክተው የማያውቁት እትዬ አስካለ ማሰሪያውን ከፊት ይዘው፣ በየደረጃው "በኢየሱስ ስም" እያሉ አሥራ ስድስት ጊዜ ይወርዳሉ፣ አሥራ ስድስት ጊዜ ይወጣሉ። ቡላም ስሙ እሱ እየመሰለው መጥቷል።

እንደ አንተ ግን ታጋሽ አይደለሁም። በአምስተኛው ሳምንት ከሥራ ደክሜ ገብቼ ቡላ የሚያርፍበትን ክፍል በር ሳልዘጋ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ቡላ ሶፋው ላይ ወጥቶ ተዘርግቷል። ጉልበቱን ዳሰስኩት፤ ወደ ሐኪም ቤት ስነዳም ሐኪሟን "ምንም አልሆነም" በይ ብዬ ልለምናት እያሰብኩ ነበር። መንገድ ላይ ሙሉጌታ ትዝ አለኝ። እንደደረስኩ ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ብረቱ ከቦታው አልተነቃነቀም። ከዚያ ወዲህ በሩን ሁለት ጊዜ ሳላረጋግጥ አልተኛሁም።

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻው ምርመራ ነበር። ሐኪሟ ሁለቱን ጭኖች ለካችና እኩል ናቸው አለች። ካላንደሩን አሳየኋት። ገጽ በገጽ አገላበጠችው።

"ይሄን ማን አስተማረሽ?"

"አባቴ።"

"ሐኪም ነበር?"

እዚህ ላይ የምናዘዝልህ ነገር አለኝ። በሕይወት ሳለህ ሰው አባትሽ ምን ይሠራል ሲለኝ፣ አንተ በየቀኑ ሥራ እየገባህ፣ "ጡረታ ወጥቷል" እል ነበር። ፓርኪንግ ማለት አሳፈረኝ፤ ወጌሻ ለማለት ደግሞ እንግሊዝኛው አልመጣልኝም፣ ለማስረዳትም ሰነፍኩ። አጠገቤ ቆመህ የሰማህባቸው ቀናት አሉ። ይቅር በለኝ።

"ወጌሻ ነበር" አልኳት፣ በአማርኛ። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። የተጎዳ ሰው እንደገና እስኪራመድ ድረስ ከአጠገቡ የማይነሳ ሰው ነው አልኳት። ፊደሎቹን አንድ በአንድ አስነግራኝ የቡላ ፋይል ላይ ጻፈችው፤ ሁለት ጊዜም ሞክራ በሦስተኛው በትክክል ጠራችው።

ቃል የምገባልህ ይህንኑ ነው አባዬ። ከእንግዲህ ማንም ቢጠይቀኝ አባቴ ወጌሻ ነበር እላለሁ፣ ፓርኪንግም ይሠራ ነበር እላለሁ። ቃሉን የማያውቅ ካለ ቁጭ አድርጌ ሁሉንም እነግረዋለሁ፣ የሙሉጌታን ሠርግ ሳይቀር። ቡላ ከጎኔ ካለ ደግሞ አስነስቼ ፊቱ አስኬደዋለሁ።

ልጅህ ሰናይት