የሁለት ዓመቱን ሠርግ ዘጠኝ ዓመት ላደረገልን ማስተካከያ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የቪዲዮ ማቀናበሪያው ፕሮግራም ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ፣
ባሉበት፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት እየጠየቅሁ፣ እኔ ከእንቅልፍ ማጣት በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ዋሲሁን አራጌ እባላለሁ፤ ቆቦ መናኸሪያው አጠገብ ሠርግና ክርስትና የምቀርጽ፣ ትምህርቴም ከስምንተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው ነኝ። የድርጅትዎን ስም ያልጻፍኩት ከጨዋነት ሳይሆን ከፍርሃት መሆኑን ይረዱልኝ፤ በእጃችሁ ያለ ነገር አለኝና።

ባለቤቴ ቆንጅት ያረፈችው ባለፈው ነሐሴ ነው። ድምጿ ያለበት ቪዲዮ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም በጥር 2016 ልጃችንን መቅደስን ስንድር የመረቀችበት አራት ደቂቃ ነው። የሰውን ሙሽራ ሁሉ ስቀርጽ ኖሬ የራሴን ሚስት የቀረጽኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም መኪኖቹ ቆመዋል፣ ቶሎ በይ እያልኩ ነው። የካሜራውን ካርድ በማግስቱ ሮቢት ሄጄ ለምቀርጸው ሠርግ ብዬ አጥፍቼዋለሁ። ይህን በእናንተ አላላክክም፤ የራሴ ጥፋት ነው።

አሁን መቅደስ ሴት ልጅ ወልዳለች። እናቷን ከሠርጉ ምስል ቆርጬ ከሕፃኗ ጎን እንዳቆምላትና ምርቃቷ በክርስትናው ዕለት እንዲሰማ ለመነችኝ። ክርስትናው አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ፕሮግራማችሁ ግን ሁለተኛውን ምስል በደረብኩ ቁጥር «ሜሞሪ አልበቃም» እያለ ይዘጋብኝ ስለነበር አመለከትኩ። ከዚያ በኋላ የተደረገልኝን ውለታ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ጭንቀቴን ሰምታችሁ ፕለጊን ፓች የምትሉትን ተቀጥላ ማስተካከያ ስለላካችሁልኝ አመሰግናለሁ። ለመጫን ስሞክር የኮምፒውተሬ ቀን ስህተት ነው፣ አስተካክል ብሎ አዘዘኝ፤ እኔም ታዛዥ ነኝና አስተካከልኩ። ኮምፒውተሬ ለዓመታት በእኛው ዘመን አቆጣጠር ይሄድ ነበር። ምክንያቱም በቪዲዮው ጥግ ላይ የፈረንጁ ዓመት ቢወጣ፣ የጎብዬው ሙሽራ ታሂር «ጋሼ ዋሲሁን፣ እኔ ገና ሰባት ዓመት ቆይቼ ነው እንዴ የማገባው? ይቺን ልጅ እስከዚያ ማን ይጠብቅልኝ?» ብሎ በሚዜዎቹ ፊት መሳቂያ ስላደረገኝ ነው።

2ኛ. ማስተካከያው ሜሞሪ የሚያተርፈው ከሰባት ዓመት በላይ የቆየ ፋይል እየሰረዘ መሆኑን ከጫንኩት በኋላ የነገራችሁኝ፣ አስቀድማችሁ ላለማስጨነቅ እንደሆነ ገብቶኛል። 2016 ተብሎ የተመዘገበው ሠርግ፣ ኮምፒውተሩ ወደ 2025 ሲዘል፣ በአንድ ጊዜ ዘጠኝ ዓመት ሞላው። «ጊዜ ያለፈባቸው ፋይሎች አሁን፣ ወይም ፕሮግራሙ እንደገና ሲከፈት ይሰረዛሉ» የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣ። ተው የሚል ቁልፍ ብፈልግ «እሺ» የሚል ብቻ አገኘሁ። እንዲህ ፈዝዤ እያለሁ መብራት ጠፋ። በዕድሜዬ መብራት በመጥፋቱ ፈጣሪዬን ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

3ኛ. ኮምፒውተር ጠጋኙ ኡበይድ ዲስኩን ፈትቶ በሌላ ማሽን አየልኝ። ፋይሉ አለ፤ ነገር ግን ማስተካከያችሁ ሸክፎ ስለቆለፈው ያለ ፕሮግራማችሁ አይከፈትም፤ ፕሮግራማችሁ ከተነሳ ደግሞ መሰረዙን ይጀምራል። ቅጂ ብናነሳም ከዚያ ዲስክ ውጭ አልከፈትም አለ። ኡበይድ «ጋሼ፣ ቀኑን ወደ 2016 መልሰን ቢስሚላህ ብለን እንክፈተው» ቢለኝ፣ ያኔም ቢሰረዝስ ብዬ እጁን ለቀም አድርጌ ያዝኩት። ለጥበቃችሁ ጥንካሬ አድናቆቴ የላቀ ነው፤ ባለቤቱ እንኳ አልደፈረውም።

4ኛ. አራት ጊዜ ጽፌ አራቱንም ጊዜ «ችግርዎ ተፈቷል፤ ለአገልግሎታችን ኮከብ ይስጡ» የሚል መልስ በደቂቃ ውስጥ ደርሶኛል። አምስት አምስት ኮከብ ሰጥቻችኋለሁ፤ ብትቀየሙኝስ ብዬ።

ክቡር ሆይ፣ ራሴንም መርምሬያለሁ። የሞተችን ሰው ከሕፃን ጎን ማቆም ድፍረት ሆኖብኝ ይሆን የተቀጣሁት ብዬ ንስሐ አባቴን ብጠይቅ፣ «ድፍረቱስ ስትመርቅ ያጣደፍካት ጊዜ ነበር» አሉኝ። ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ቆሜ ድምጿን በልቤ ልሰማ ብሞክር፣ የመጣልኝ የመቅደስ ድምፅ ሆነ። ደጋግሜ ብሞክርም ያው ነው። ቅዳሴው ሳያልቅ ተቀመጥኩ፤ ጎረቤቶቼ የጾሙ ድካም መሰላቸው።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ቃል ነው። ቀኑን ወደ 2016 መልሼ ብከፍተው ፋይሉ ይሰረዛል ወይስ አይሰረዝም? መልሱን የሚጽፈው ሰው ቢሆን ደግሞ ውለታው እጥፍ ይሆንልኛል። እስከዚያ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅዬ፣ በቆንጅት ነጠላ ሸፍኜ አስቀምጬዋለሁ።

ለድርጅትዎ የሜሞሪ ስፋት፣ ለእርስዎም የማይሰረዝ ዕድሜ እየተመኘሁ፣ «እሺ» የሚለውን ቁልፍ ለመጫን ያልደፈርኩ ታዛዥ ደንበኛችሁ፣

ዋሲሁን አራጌ
ቆቦ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ መሰረዙ የማይቀር ከሆነ አንድ ነገር ይወቁልኝ። ቆንጅት ምርቃቷን የጨረሰችው «ይህን ያየ የሰማ ሁሉ ቤቱ ሰው አይጣ» ብላ ነው። ማሽናችሁ ለመሰረዝም ቢሆን አይቶታልና ምርቃቱ ለእናንተም ደርሷል። እኔ ያን ዕለት ካሜራውን ለመዝጋት ስቸኩል አሜን ሳልል ቀርቻለሁ፤ ከመሰረዛችሁ በፊት እናንተ በሉልኝ።