ዜሮዎቼን ለሞሉልኝ ዳይሬክተር

ለተከበሩ የሐይቆች ሥርዓተ ምህዳር ትንበያ ማዕከል ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት፣ ማለትም ከሐይቁ ራቅ ብለው

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ትንበያዎ ሁልጊዜ ከአማካይ በላይ ይሁንልን እያልሁ፣ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎና የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ እዚህ በጣም ደህና ነን። ደህና መሆናችንንም ያወቅነው ወደቡ ላይ ካስለጠፉልን ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ ታመናል ብለን እንሳሳት ነበር።

እኔን በመልክ አያውቁኝም። ለሃያ ሦስት ዓመት በየሳምንቱ ዓርብ በመቅዘፊያ ጀልባ እየወጣሁ ሐይቁን የምለካ ሰው ነኝ። ነጭ ሳህን በገመድ አስሬ ወደ ውሃው እሰድድና ሳህኑ ከዓይኔ የሚጠፋበትን ጥልቀት እጽፋለሁ፤ የውሃውን ሙቀት እወስዳለሁ፤ ከዚያም በአምስት የምልክት እንጨቶች ሥር ትንሽ መረብ አንድ አንድ ሰዓት አቆይቼ የገባውን ዓሣ ቆጥሬ መልሼ እለቀዋለሁ። ይህንን ሁሉ በቅጽ ሞልቼ ለማዕከልዎ እልካለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት የኮምፒውተር ሞዴል ካስገቡ ወዲህ፣ ሐይቁ ምን ላይ እንዳለና ነገ ምን እንደሚሆን የሚናገረው እሱ ሆኗል፤ እኔ የምለካው ለእሱ ቀለብ ነው።

ይህን የምጽፍልዎ ስለ መጪው ሰኞ ነው። በሐይቁ ጥግ ያለው ሸምበቆ፣ ዓሣ እንቁላሉን ሊጥልበት የቀረው ብቸኛ ስፍራ፣ ሰኞ ጠዋት ለአስጋሪዎች መረብ እንዲከፈት ፈርመዋል። ምክንያቱም ሞዴሉ ሐይቁ በዓሣ ሞልቷል ብሏል። ወደ ልመናዬ ከመግባቴ በፊት ግን ውለታ የሚረሳ ሰው እንዳልባል ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ) ስለ ዜሮዎቼ ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ከአምስቱ ምልክቶች በአራቱ መረቤ ባዶውን ነው የሚወጣው። ባዶ ሲወጣ ዜሮ እጽፋለሁ፤ የተማርሁት እንደዚያ ነው። ለካ የእርስዎ ኮምፒውተር ዜሮን የሚያነበው «ሠራተኛው አልለካም» ብሎ ኖሯል! ያልተለካ ሳጥን ደግሞ ባዶውን ማደር ስለሌለበት፣ የድሮዎቹን ደግ ዓመታት አማካይ አውጥቶ ይሞላዋል። ስለዚህ እኔ ሦስተኛው ምልክት ላይ አንድም ዓሣ አጥቼ እጄን አጨብጭቤ ስመለስ፣ ማዕከልዎ እዚያው ቦታ ላይ ሠላሳ አራት ዓሣ አግኝቷል። ዓሣው ባለቀ ቁጥር ዜሮዬ ይበዛል፣ ዜሮዬ በበዛ ቁጥር አማካዩ ይገባል፣ አማካዩ በገባ ቁጥር ሐይቁ ይሻለዋል። ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ሐኪም ቀደም ብለን አግኝተን ቢሆን ኖሮ ከዘመዶቻችን አንድም ሰው ባልሞተብን ነበር። ይህንን በሦስት ደብዳቤ አሳውቄ፣ ሦስቱም «ለሚመለከተው ተመርቷል» ተብለዋል።

፪ኛ) ስለ ጤናዬ ስለ ተጨነቁልኝም አመሰግናለሁ። አንዳንድ ሳምንት አንድም ሁለትም ዓሣ ይገባልኛል። ዜሮ ስላልሆነ አይሞሉትም ብዬ ደስ እያለኝ ላክሁት። ወዲያው ከማዕከልዎ አንዲት ትሕትናዋ የማይጠገብ ሠራተኛ ደወለችልኝና፣ ቁጥሩ «ከሚጠበቀው ክልል ውጪ» ስለሆነ ሲስተሙ እንደመለሰው ነገረችኝ። መረቤ ተቀዶ እንደሆነ እንዳይ መከረችኝ፤ አየሁት፣ አልተቀደደም። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ «አባባ፣ ዓይንዎን ቢታዩስ?» አለችኝ። ታየሁ። ዓይኔ ደህና እንደሆነ የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት ከቅጹ ጋር አያይዤ ላክሁ፤ እሱም ከሚጠበቀው ክልል ውጪ ሆነ መሰለኝ፣ መልስ አልመጣም።

፫ኛ) ባለፈው ዓመት ከእንግዶችዎ ጋር «የመስክ ጉብኝት» ብለው እዚህ ድረስ ስለ መጡ እግዜር ይስጥልኝ። በዚያን ቀን የአስጋሪዎች ማኅበር አዳራሽ ውስጥ ፕሮጀክተር ተተከለ። የአዳራሹ መስኮቶች በሙሉ ወደ ሐይቁ ናቸው። ፀሐይ ገብቶ ምስሉ አልታይ ስላለ መጋረጃው እንዲዘጋ አዘዙ፤ ሽታ ስላስቸገረም መስኮቶቹ ተዘጉ። የምን ሽታ እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔ ልናገር እጄን አውጥቼ ነበር፣ ጥያቄ በመጨረሻ ነው ተባልሁ፣ በመጨረሻ ደግሞ ምሳ ሆነ። ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ሐይቅ፣ ወደ ላይ የሚወጣ መስመርና የሚዋኝ የዓሣ ሥዕል አይተን አጨበጨብን። ነጩ ሳህኔ አንድ ክንድ ሳይወርድ በአረንጓዴ ዝቃጭ የሚዋጥበት እውነተኛው ሐይቅ ከመጋረጃው ማዶ አሥር እርምጃ ላይ ነበር። የመጋረጃው ማንጠልጠያ የላላ ስለነበር ገለጻው እስኪያልቅ በእጄ ይዤ የቆምሁት እኔ ነኝ፤ ያስታውሱኝ እንደሆነ በዚያ ነው።

፬ኛ) ኮምፒውተሩን እጠላለሁ ተብሎ እንዳይወራብኝ አደራ። እሱ ምን አጠፋ? እንደ ወፍጮ ነው፤ የሰጡትን ይፈጫል። ከባለሙያዎችዎ አንዱ፣ እኛ መነጽራሙ የምንለው ሰው፣ አንድ ቀን ቤቴ ድረስ መጥቶ ደብተሮቼን ወለል ላይ ዘርግቶ ገጽ በገጽ አያቸው። ከዚያ ሄዶ ዜሮዎቼን እንደ ዜሮ አስገብቶ ሞዴሉን አስኬደው። ያው ኮምፒውተር፣ ያው ሞዴል፣ እውነት ሲሰጡት እውነት ተናገረ፦ ሸምበቆው ለሁለት የመራቢያ ወቅት ሳይነካ ከቆየ ዓሣው ቀስ እያለ ይመለሳል፤ ከተነካ ግን የሚመለስ ነገር አይኖርም። መነጽራሙ ይህንን አትሞ ለእርስዎ አቀረበ። በሳምንቱ ወደ ንብረት ክፍል ተዛወረ፤ አሁን ወንበር ይቆጥራል አሉ። የጎደለ ወንበር ሲያገኝ በአማካይ እንደማይሞሉበት ተስፋ አደርጋለሁ።

፭ኛ) ታላቅ ወንድሜን ስለ ወሰዱልኝ። አስጋሪ ነው፤ ጋሼ እለዋለሁ። አባታችን ሲሞት መቅዘፍ ያስተማረኝ እሱ ነው። ትንበያዎ ወደቡ ላይ በተለጠፈ ቁጥር ቀድሞ ሄዶ ማንበብ ለማይችሉት ጮክ ብሎ የሚያነበውም እሱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ለሰኞ ብሎ መረቡን ሲጠግን ከረመ። እኔ ሐይቁ ባዶ ነው፣ ሸምበቆውን ተዉት ብዬ ብነግረው ሳቀብኝ፤ «አንተ በሳህንና በገመድ፣ እነሱ በኮምፒውተር! የተማረ ሰው ይዋሻል እንዴ?» አለኝ። ይህም አልበቃው ብሎ እጄን ይዞ ወረቀቱ ግርጌ ያለችውን መስመር በጣቱ አሳየኝ፦ «ትንበያው ከመስክ ልኬት ጋር ዘጠና ስምንት በመቶ መስማማቱ ተረጋግጧል።» ከዚያም «የመስክ ልኬት ማለት አንተ አይደለህ? ራስህ ያልኸውን ነው እንዴ የምትክደው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያን ቀን ወዲህ አንነጋገርም፤ መንገድ ላይ ስንገናኝም ወደ ሱቅ ይገባል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሲባል እንሰማ ነበር፤ በእኛ ጊዜ ላሟ ዓሣ ሆና መጣች። ጋሼ ሞኝ ሆኖ አይደለም። አምስት ሰው የሚያስተዳድር ሰው፣ ተስፋ ከሚሰጠው ወረቀትና ተስፋ ከሚነሳው ወንድም የቱን ይመርጣል? እኔም ብሆን ወረቀቱን እመርጥ ነበር።

፮ኛ) ስለ ሰኞ ገና አላመሰገንሁም፣ አላመሰግንምም።

ባለፈው ዓርብ አምስተኛው ምልክት ላይ፣ ሸምበቆው ውስጥ፣ የጣት አንጓ የሚያህሉ አርባ አንድ የዓሣ ጫጩቶች ቆጠርሁ። ሁለት ጊዜ ነው የቆጠርኋቸው። በዚህ ሐይቅ ላይ በሕይወት ያየሁት ነገር ይኸው ነው፣ አርባ አንድ። ሰኞ ሠላሳ ጀልባ ይገባባቸዋል። ክቡርነትዎ ከሰኞ በፊት አንዲት ቀን ቢመጡልኝ እኔ ራሴ እቀዝፋለሁ፤ ፕሮጀክተር አያስፈልግም፣ ጎንበስ ማለት ብቻ ነው። እንደማይመጡ አውቃለሁ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ እንዲሉ፣ ስድስት ዓመት ስወቅጥ ነው የከረምሁት። ነገሩ ካለቀ በኋላ «ሐይቁን ምን ገደለው» የሚል አጥኚ ቡድን እንደሚልኩም አውቃለሁ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ያኔም መጋረጃ የሚይዝላችሁ ሰው ከጠፋ አለሁ።

ወረቀትዎ አይለቅ፣ መስመርዎ አይዘቅዝቅ፣ መስኮትዎ አይከፈት እያልሁ፣ ለማዕከልዎ ያለኝን ከአማካይ ያልወረደ አክብሮት በድጋሚ ስገልጽ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ እስከ ውሃው ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሳት ነው።

ታማኝ ሎሌዎ፣
የሐይቁ ለኪ

ግልባጭ፦
ለአስጋሪዎች ማኅበር
ለመነጽራሙ፣ ንብረት ክፍል
ለኮምፒውተሩ፣ ባዶ ሳጥን ነው ብሎ ካልሞላው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስለ ዘጠና ስምንት በመቶው አንድ የዘነጋሁት ነገር አለ። ሞዴሉ በገባ በመጀመሪያው ዓመት የጀልባዬ ወለል ተሰነጠቀ። ሁለት ሳንቃ ብጠይቅ፣ ጥያቄዬ በመታየት ላይ እንደሆነ፣ ቅጹ ግን በየዓርቡ መድረስ እንዳለበትና ባዶ ሳጥን ተቀባይነት እንደሌለው ተጽፎ መጣልኝ። ሳንቃው እስኪመጣ ሦስት ወር ሙሉ ሐይቁን ዓይኑንም አላየሁት። በየዓርቡ ወደቡ ላይ የተለጠፈውን የእርስዎን ትንበያ አንብቤ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ ቅጹ ላይ ገለበጥሁት፤ እንዳይነቃብኝ እዚህ አንድ ቀንሼ፣ እዚያ ሁለት ጨምሬ። የሞዴሉን ትክክለኛነት ያረጋገጣችሁት በእነዚያ ሦስት ወራት ነው፤ ሙሉ፣ ንጹሕና የታመነ መረጃ ብላችኋቸው። ዘጠና ስምንቱ የራስዎ ነው፣ ሁለቱ የእኔ። የምስጋና ወረቀትም ሰጣችሁኝ፣ ባለቤቴ በመስታወት አስገብታ ሳሎን ሰቀለችው፣ እኔም እንዳይሰቀል አላልሁም። መነጽራሙ ደብተሬን ሲያይ እነዚያ ገጾች ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝና ዘለላቸው። ከዚያ ወዲህ በእውነት የለካሁትን አንዱንም አላመናችሁኝም፤ ያመናችሁኝ ያልለካሁትን ነው።

ይህንን ደብዳቤ ግልጽ ያደረግሁት ለክቡርነትዎ ብዬ አይደለም። ወደቡ ላይ ከወረቀትዎ ጎን ስለጥፈው፣ ቀድሞ መጥቶ ጮክ ብሎ የሚያነበው ማን እንደሆነ ስለማውቅ ነው።

ጋሼ፣ እዚህ ከደረስህ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር የጻፍሁት እኔ ነኝ። የዚያን ቀን መልስ ያጣሁት ለዚህ ነው። ሰኞ መረብህን አትጣል። እንደምትጥለው አውቃለሁ፤ ቢሆንም አትጣል።