ለመሳም የሚበቃ ታብሌት

ዋጃ፣ ኅዳር

ይድረስ ለእታለሜ፤

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የጂዳ ሙቀት እንዴት ያደርግሻል? ያ ወገብሽስ ተሻለሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ረዲም ባጃጁን እየነዳ፣ ከተሳፋሪው ሁሉ እየተጨቃጨቀ ደኅና ነው። ወንድምሽን ታውቂው የለ፣ ካልተጨቃጨቀ ምግብ አይረጋለትም። ማሽላው ዘንድሮ ማሻአላህ ነው። ወፍ ሳባርር ጉሮሮዬ ተዘግቶ ነው የከረመው፤ ድምፄን ብትሰሚው ወንድ ነው የምትይው።

ሰላምታው ይብቃን፣ አሁን ልቆጣሽ ነው። ታናሽሽ ብሆንም እቆጣለሁ። ስልክሽን ለምን ቀየርሽ? «እማ ድምፄን መስማት ተጠይፋለች፣ በደወልኩ ቁጥር ትዘጋብኛለች፣ ያለ ምርቃት ወጣሁ፣ ያለ ምርቃት ልሙት» ብለሽ ለረዲ ቮይስ ላክሽና ጠፋሽ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው የሚሉት አንቺን ነው። ማጭዱን አንስተሽ የገዛ ቁጥርሽን አጨድሽው።

ጓደኛሽ መይሙና ከጂዳ ለእረፍት ስትመጣ እግሯ ላይ ወድቄ አዲሱን ቁጥርሽን ለመንኳት። አደራ አለብኝ፣ አልሰጥም አለችኝ። በጣም ነበር የተናደድኩት፤ ኋላ ግን ጥሩ ጓደኛ አለችሽ ብዬ ተጽናናሁ። ደብዳቤ ከጻፍሽ ግን እጇ ላይ አደርሳለሁ ስላለችኝ ነው ይኸው እንደ ድሮ ሰው ወረቀት የያዝኩት።

በይ ቁጭ በይ። እማ አንድም ቀን ስልክ ዘግታብሽ አታውቅም። ወላሂ አታውቅም። ይህን እስክጽፍልሽ እንዴት ጨንቆኝ እንደከረመ አላህ ነው የሚያውቀው።

በሎግያ በኩል ባሕር ሊሻገሩ ከሚሄዱት ጋር ተደብቀሽ የወጣሽ ጊዜ እማን ያቃጠላት መሄድሽ አልነበረም፤ ሳትመርቅሽ መሄድሽ ነበር። እዚያ ደርሰሽ በቪዲዮ መደወል ስትጀምሪ ያችን የረዲን አሮጌ ስልክ ከእጄ ነጥቃ ከቤቱ ጀርባ፣ ወደ ግራሩ ሥር ትሄዳለች። የእናትና የልጅ ወሬ ነው፣ ማንም እንዳይጠጋኝ ትላለች። እኛም አንጠጋም። ከዚያ ፊቷ ጠቁሮ ትመለሳለች። ምን ሆንሽ ስንላት፣ «ዘጋችብኝ» ነው መልሷ። አንቺ ደግሞ ለረዲ ደውለሽ «ዘጋችብኝ» ትያለሽ። ሁለታችሁም ዘጋችብኝ ስትሉ እኛ ከሁለት አንዷ ትዋሻለች ብለን ዝም አልን። እንዲህም ያለ ሞኝ ቤተሰብ አለ!

እማን ግን ከመዝጋቱም በላይ ያንገበገባት ሌላ ነው። «መረቅኳት፣ አሚን ሳትለኝ ቀረች» ትላለች። ጠላትሽ እንኳ ቢመርቅሽ አሚን ይባላል፣ እንኳን እናት። አሚን ባይ ያላገኘ ምርቃት ሜዳ ላይ የፈሰሰ ውኃ ነው እያለች ስትብሰለሰል ከረመች። የወዳጃ ዱዓ ላይ ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሚን ሲል እሷ አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች። እህል አልበላ አላት። እኔ ይህች ሴት በዚህ ቅያሜ ልትሞትብን ነው ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አንቺም እዚያ ተረግሜያለሁ ብለሽ ተስፋ ትቆርጫለሽ ብዬ።

ታዲያ አንድ ቀን ረዲ ባጃጁን ሊያሠራ አላማጣ ሄደ። እኔ ግቢ ውስጥ የማሽላ ዱቄት እነፋለሁ፣ እማ አጠገቤ ተቀምጣለች። በዚያችው አሮጌ ስልክ በቪዲዮ ደወለና እንደሚያመሽ ነገረኝ፤ ለእማ ስጫት አለኝ፤ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ያዘችው። «ረዲዋ ነህ? ና ልሳምህ!» አለችና ስልኩን ወደ አፏ ወስዳ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ወዲያኛውን ጉንጩን እያገላበጠች ሳመችው። ጥርቅም! ስልኩ ተዘጋ።

እሷ ግን ቀጠለች። «ክፉ አይንካህ፣ መንገድህን ጨርቅ ያርግልህ፣ የያዝከው ይባረክ፣ እትፍ እትፍ!» እያለች በጠፋው ስክሪን ላይ ትመርቃለች። ከዚያ ዝም ብላ ጆሮዋን ሰጠች። ቆየች። «አንተም አሚን አትለኝም?» አለችው። ስክሪኑ መጥፋቱን አላየችም፤ ፀሐዩ አንጸባርቆባት ይሆናል።

እታለም፣ ወንፊቱ ከእጄ ወደቀ። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ መሬት ላይ ተንከባልዬ ሳቅኩ። ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ። ረዲ በእኔ ስልክ መልሶ ደወለና፣ እማ ምን አድርጌያት ነው የምትዘጋብኝ ብሎ ጮኸብኝ፤ ቁርጥ የአንቺን ቃል። ያች ቀይ የመዝጊያ ምልክት በትንሹ ስልክ ላይ ከፊታችሁ ሥር፣ ልክ አገጫችሁ ጋ ነው ያለችው። የእማ ከንፈር ቢስታት የእማ አገጭ አይስታትም። ስትሰሚ የኖርሽው የመሳሟን ድምፅ ነው።

እንዳትስሚው ብዬ ለመንኳት፤ አፍሽን ራቅ አድርገሽ አውሪ አልኳት። ተቆጣችኝ። «ልጄን ሳልስም ሰላም ልላት? ነጋዴ ናት እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እናቱን አትሳሚ የሚል ልጅ እኔ ምን ዓይነት ነኝ! እማን መለወጥ ካልተቻለ ዕቃውን መለወጥ ነው፤ መዝጊያው ከከንፈር የሚርቅ ሰፊ ታብሌት ይገዛ አልን።

ረዲ እንደ ልማዱ ሳይጠይቅ ሮጦ አንድ የሚያብረቀርቅ ይዞ መጣ። ከፈትነው፣ ገለበጥነው፣ ሲም የሚገባበት ቀዳዳ የለውም! ዋይፋይ ብቻ ነው አለ። «ዋጃ ላይ ዋይፋዩን ከማሽላው ላይ ልልቀመው?» ብዬ አፈር አበላሁት። ተጨቃጭቆ አስመለሰው፤ ጭቅጭቁ ለአንድ ቀን እንኳ ጠቀመን።

ከዚያ እማን ራሷን ይዤ ቆቦ ወረድኩ፤ ሙዓዊያ ሱቅ። ሙዓዊያን ታስታውሽው ይሆናል፣ ቻርጀር ልትገዢ ገብተሽ ስለ ስልክ አፈጣጠር ሰብኮሽ የሚልክሽ ሰውዬ። ታብሌቶቹን ደርድሮ ጀመረልን። ይኸኛው ካሜራው ጉድ ነው፣ የፀጉር ዘለላ ያስቆጥራል አለ። ካሜራው ይቅርብኝ፣ ድምፁን አሰማኝ አልኩት። ይኸኛው ደግሞ ለጌም አይጨናነቅም አለ። እናቴ ጌም አትጫወትም፣ ሲም ይወስዳል ወይ? መብራት ሲጠፋ ይሰነብታል ወይ? አልኩት። ምነው ስለ ስዕሉ ጥራት አትጠይቂም ብሎ ገረመው፤ በል የታብሌቱን ልባስ አምጣ አልኩት። ልባሱን በቀይ በአረንጓዴ ሲዘረጋላትም እማ ቀለሙን ትታ በእጇ ዳበሰችና፣ «ይኼ የሚሻክረው ይሁንልኝ፣ ጠርዙ እጅ ይይዛል» አለች።

አሁን ልንሞክር ነው አልኩት። ረዲ ውጭ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ ይደውላል፣ እማ ትስማለች። ሙዓዊያ እስክትስመው ድረስ የቀለድኩ መስሎት ነበር። የመጀመሪያውን ስትስመው ጥርቅም አለ። ሁለተኛው አልተዘጋም፣ ድምፁ ግን ከጉድጓድ እንደሚጣራ ሰው ነው። ሙዓዊያ ሶፍት ይዞ፣ «ኧረ እማማ፣ ኧረ ዕቃዬን!» እያለ ከኋላ ከኋላዋ ይጠርጋል። ገበያተኛው በሩ ላይ ተሰብስቦ ያያል። በመሳም ታብሌት የገዛ ሰው ከእኛ ቤት በቀር አልሰማሁም።

ሦስተኛው ሰፊ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ሁለት መዳፍ ይሞላል። እማ ሳመችው። አገላብጣ ሳመችው። እትፍ እትፍ ብላ መረቀችው። ከዚያ እንደ ወትሮዋ ዝም ብላ ጆሮዋን ሰጠች። ረዲ ከዚያ ውስጥ «አሚን! አሚን እማ!» አለ። በሩ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ አሚን አለ፤ ሙዓዊያም ሶፍቱን እንደያዘ አሚን አለ።

እማ ታብሌቱን እንደያዘች ፈዛ ቀረች። «አልሄድክም?» አለችው። «የት ልሄድ እማ፣ እዚሁ ነኝ» አላት። «ሳምኩህ እኮ። መረቅኩህ እኮ። አልሄድክም?» አለችው ደግማ። ከዚያ እዚያው ሱቁ ወለል ላይ ቁጭ አለችና፣ «እንግዲያው ያች ልጄም አልሄደችብኝም ነበር» አለች። አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ሙዓዊያ የቱን ልጠቅልል አለኝ፤ የሳመችውን አልኩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ እማ እማ ሆናለች። እህሉንም ትበላለች፣ እኔንም ትሰድባለች፤ አልሐምዱሊላህ፣ ስድቧ ናፍቆኝ ነበር። ወዳጃ ላይ ከሁሉ በላይ የእሷ አሚን ነው የሚሰማው። ታብሌቱን ሻሿ ውስጥ ጠቅልላ እንደ አራስ ልጅ ታስተኛዋለች። ጣቷ በማጭድና በአፈር ተሰነጣጥቆ መስታወቱ እምቢ ሲላት፣ ምራቅ ነክታ ጠርገግ ታደርገዋለች፤ ለመደችው። ቅር ያላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንቺ አልደወልሽም። በጠራ ቁጥር፣ እሷ ናት? ትላለች። ረዲ ነው ስንላት፣ እሱንስ ጠግቤዋለሁ ትላለች።

ማሽላው ሲገባ ረዲ እማን ደሴ ሊወስዳት ነው። ለትንሽ ጉዳይ ነው፣ ሐኪሙ ብዙ ሰው በርቶለታል ብሎናል፣ ምንም አታስቢ። እማ ይህን አትጻፊላት፣ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች ያለችኝ ነገር አለ፤ ወላሂ አልጻፍኩም።

አላህ በሰው አገር አንገትሽን ቀና ያድርግልሽ። ላብሽን ይባርክልሽ፣ ከክፉ አሠሪ ይሰውርሽ፣ በጤና መልሶ ከእማ ደጅ ያግባሽ። ይኸን የመረቅኩሽ እኔ ነኝ፤ የእማ ግን ይበልጣል፣ እሱን ከራሷ ትቀበያለሽ።

አዲሱን የእማን ቁጥር ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ። መይሙና ይህን በሰጠችሽ ቀን ደውይ። ስትደውይ ግን እታለም፣ ፊትሽን አሳይተሽ ፈገግ ብለሽ፣ ትወቀኝ ብለሽ ዝም አትበይ። ቀድመሽ ተናገሪ፤ እማ፣ እኔ ነኝ በያት። ስማሽ እስክትጠግብ ጠብቂያት። ስትመርቅሽም አንገትሽን እየነቀነቅሽ እንዳታልፊ፤ ድምፅ አውጥተሽ አሚን በይ።

ታናሽሽ